ገሳላ እያዞርን የጸለይንባቸው ዓርቦች

የበረኪና ሽታ ለሰው ሁሉ የጽዳት ሽታ ነው፤ ለእኔ የጸሎት ሽታ ነው። ይህን ስላት ሊዲያ ከት ብላ ሳቀች፤ እርጅና የጀማመረኝ መስሏት ይሆናል። ሊዲያ ከጎናችን ካለው ቪላ የምትሠራ፣ እንደ እኔው ከእምድብር አካባቢ የመጣች ካቶሊክ ልጅ ናት። እኔ እዚህ ሪያድ፣ ራውዳ ሰፈር የማስታምማት አሮጊቷ ማዳም ሆስፒታል ከገባች ወዲህ ቤቱ ጭር ብሏል፤ ከአልጋዋ ሆና የምትጠራኝ ደወል እንኳ ባትሪዋ ወጥቶ ጠረጴዛ ላይ ተቀምጣለች። ስለዚህ ልጅቷ ሥራዋን ስትጨርስ በጓሮ በር ሹልክ ብላ ትመጣና ሰገነት ላይ ባለችው የልብስ ማጠቢያ ክፍል ቁጭ ብለን እናወጋለን። ዛሬ የመጣችው ዓይኗን ስልኳ ላይ ተክላ ነው። አንድ ነጭ ሱፍ የለበሰ ሰባኪ ማይክ ጨብጦ፣ መሬት ላይ በወደቀች ሴት ላይ «ስምህን ተናገር! ውጣ!» እያለ ያንባርቃል።

«እማማ ተሬዛ፣ እኛ ካቶሊኮች ካህን ሳንሆን እንዲህ ብለን ጋኔን መገሠጽ እንችላለን እንዴ? ግሩፓችን ላይ ሲጨቃጨቁ ነው የሰነበቱት። አንዱ በጥምቀታችን ሥልጣን አለን ይላል፣ ሌላው ኃጢአት ነው ይላል። እርስዎ የድሮ ሰው ስለሆኑ ያውቃሉ ብዬ ነው።»

«መጀመሪያ ያንን ጩኸት አጥፊው» አልኳት።

አጠፋችው። የቀረው ድምፅ የማሽኑ ብቻ ሆነ፤ ውስጡ አንሶላ ይገለባበጣል፣ ክፍሉን የበረኪና ሽታ ሞልቶታል። የአሁኑ ማሽን ጨዋ ነው፤ ሥራውን ሲጨርስ እንደ ሕፃን መጫወቻ ትንሽ ዜማ አሰምቶ ዝም ይላል። የድሮዎቹ ግን እንዲህ አልነበሩም። የድሮዎቹን ማን ያውቃል ብዬ ነው የምነግራት? ቢሆንም ነገርኳት፤ ካነሳችብኝ በኋላ መመለሻ አልነበረኝም።

ያኔ የምኖረው ጉበይራ ነበር። ከከፊሌ ጋር፣ ማለት በስሙ ካስመጣኝ ሰውዬ ጋር፣ ተስማምቼ በየቤቱ በተመላላሽነት እየሠራሁ፣ ማታ ማታ ከጓደኞቼ ጋር በጋራ ወደተከራየናት ክፍል እገባለሁ። ሪያድ ያኔ ሌላ ከተማ ነበረች። ሻዋርማ ሁለት ሪያል፣ ለስላሳው አንድ ሪያል፤ በሦስት ሪያል ጠግበሽ ታድሪያለሽ። ነጩን ታክሲ ሊሙዚን ይሉታል፤ ወንበሩ ጠረኑ የማይለቅ፣ መስኮቱ የማይከፈት ሊሙዚን። ዓባያ ጥቁር ብቻ ነው፤ ከጥቁርም ከራስ ላይ የሚጣለው፣ ስትሮጪ የሚጠልፍሽ። አሁን ሴቶቹ ቡኒውን፣ ግራጫውን፣ የሰማይ ቀለሙን ደርበው መኪናቸውን ራሳቸው ይነዳሉ፤ ባቡሩም በድልድዩ ላይ በአናታችን በላይ ያልፋል። በጥሃ ገበያ ካሴት የሚሸጥ አንድ የሐረር ልጅ ነበር፤ የአገራችንን ዘፈን ከባንኮኒው ሥር ያወጣና በወረቀት ጠቅልሎ እንደ ኮንትሮባንድ ያቀብለናል። ከእሱ ሱቅ አለፍ ብሎ የስልክ ካቢኖቹ አሉ። ሰው ሁሉ መስታወት ውስጥ ቆሞ፣ አንድ ጆሮውን በእጁ ደፍኖ፣ ከአገሩ ጋር ይጯጯሃል። የሚያለቅሰውም የሚስቀውም ከውጭ ሲታይ አንድ ዓይነት ነበር።

የእኛ ቤተ ክርስቲያን ደግሞ ገሳላዋ ነበረች። ገሳላ ማለት የልብስ ማጠቢያ ማሽን ነው፤ የእኛዋ ባለ ሁለት ገንዳ፣ አንዱ የሚያጥብ አንዱ የሚጨምቅ፣ ስትዞር ግድግዳ የምታንቀጠቅጥ አሮጌ ነገር። በክፍሉ ውስጥ አራት አምስት ካቶሊኮች ተሰብስበን መጸለያችን እንዳይሰማ፣ ዓርብ ከሰዓት ገሳላዋን እናስነሳታለን። የሚታጠብ ልብስ ባይኖርም እናስነሳታለን። አንድ ቀይ ብርድ ልብስ ነበረን፤ በየሳምንቱ ከመታጠቡ ብዛት መጨረሻ ላይ የሥጋ ቀለም ያዘ። ድምፁ አልበቃ ሲል ዘይነባ የሸራ ጫማዋን ትጨምርበታለች፤ ያኔ ዷ ዷ ዷ ይላል። ዘይነባ የወሎ ሙስሊም ናት፤ ክፍሏን በስሟ የተከራየችልን፣ አፏ የማያርፍ፣ ልቧ ወርቅ። ከኛ ጋር አትጸልይም፤ ገሳላዋን ግን ማንንም አታስነካም።

«እኔ ይቺን አዞራለሁ፣ እናንተ ፈጣሪያችሁን ጥሩ» ትለናለች። «ኧረ ግን ቀስ! አላህ ደንቆሮ አይደለም እኮን።»

ጸሎቱን የሚመሩት ጋሽ ጴጥሮስ ነበሩ። አገር ቤት የሰበካ አስተማሪ ሆነው ብዙ ዓመት ትምህርተ ክርስቶስ ያስተማሩ፣ እዚህ ግን የአንድ ቤተሰብ ሾፌር። ዓርብ ዓርብ ቤተሰቡን ወደ አያቶቹ ቤት አድርሰው እስኪመልሱ ድረስ ያለችው ሰዓት ነበረች የእኛ ሰንበት። ወንድ ሴቶች ክፍል ሲገባ እንዳይታይ የመፍቻ ሣጥን አንጠልጥለው ይመጣሉ፤ ጎረቤቱ ሁሉ የገሳላ ጠጋኝ አድርጎ ነው የሚያውቃቸው። «ይቺ ገሳላ ደግሞ በየሳምንቱ ትሰበራለች?» ብላ የጠየቀች አንዲት ጎረቤት ነበረች፤ ዘይነባ «እንደ ባልሽ ናት» ብላ አሳፍራ መለሰቻት። ጋሽ ጴጥሮስ ሲገቡ ሣጥኑን ከፍተው ከመፍቻዎቹ ሥር ሙስባሃ ያወጣሉ። መስቀል ያለበት መቁጠሪያ በኪስ መያዝ አደጋ ስለነበር፣ ዲራ ሰፈር ካለው አሮጌ ገበያ፣ ከድሮው የጭቃ ምሽግ ጀርባ፣ ሙስሊሞች የሚቆጥሩበትን ሙስባሃ ገዝተን በእሱ ነበር የእመቤታችንን መቁጠሪያ የምንደግመው። ፍሬው ሠላሳ ሦስት ብቻ ስለሆነ ለእኛ አይበቃም፤ የጎደለውን በጣታችን እንሞላለን። ማርያም እንደማትቀየመን እርግጠኛ ነበርን። ያኔ ስለ ብዙ ነገር እርግጠኛ ነበርን።

ስንዱ የመጣችው ከዓርቦቹ በአንዱ ነው። የመንደራችን ልጅ ናት፤ እናቷ «ተሬዛ እዚያ አለችልሽ» ብላ የላከቻት። ሪያድ ከገባች ገና ጥቂት ወራት ሆኗታል፤ ከአሠሪዎቿ ቤት ጠፍታ ወጣች። በሩን ስከፍትላት ዓባያዋን ከሥራ ልብሷ ላይ ደርባለች፣ አንድ እግሯ ላይ የሴት ነጠላ ጫማ፣ ሌላው ላይ የወንድ። ምን እንደደረሰባት ብንጠይቃት «ምንም፣ ደከመኝ» ብቻ። እጇ በበረኪና ተልጦ ነበር፤ የማናችን እጅ ነው ያልተላጠው? ፓስፖርቷም ኢቃማዋም፣ የመኖሪያ ፈቃዷ ማለቴ ነው፣ እዚያው ቀርቷል። አጠብናት፣ አበላናት፣ ተኛች። በቀጣዩ ዓርብ ከእኛ ጋር ለጸሎት ተቀመጠች። ዓርብ በመቁጠሪያው የጌታ ሕማማት በአምስት ምስጢር ተከፍሎ ነው የሚታሰበው፤ የመጀመሪያውን ምስጢር፣ የጌቴሴማኒውን፣ ጨርሰን ወደ ሁለተኛው፣ ወደ ጌታ መገረፍ ስንገባ ስንዱ ብድግ አለች። ዓይኗ ፈጠጠ። ከዚያ ከዚያች ቀጭን አንገት የአሮጊት ጎርናና ድምፅ ወጣ፤ ያውም በዓረብኛ። «ያ ሐይዋና! ያ ከልባ!» አንቺ እንስሳ፣ አንቺ ውሻ ማለት ነው። ከዚያ ወለሉ ላይ ተጠቅልላ ወደቀች።

ጋሽ ጴጥሮስ ሙስባሃው ከእጃቸው ወደቀ። የማታውቀውን ቋንቋ መናገር፣ ጸሎት ሲጀመር መነሣት፣ ድምፅ መለወጥ፤ ያስተማሩት ትምህርት ላይ የክፉ መንፈስ ምልክት ተብሎ የተቀመጠው ሁሉ ዓይናቸው ፊት ነበር። «ጥቂት ወር የቆየች ልጅ እንዲህ ያለ ዓረብኛ ከየት ታመጣለች?» አሉ። «ደግሞ ስሙት የሚላትን! የሰው ልጅ ጠላት ካልሆነ በቀር ሰውን እንስሳ ብሎ የሚጠራ ማን ነው?»

«ኧረ የኔም ማዳም እንዲሁ ትለኛለች፣ ወላሂ!» አለች ዘይነባ ከገሳላዋ ጎን።

ሳቅን። አዎ፣ በዚያ ድንጋጤ መሀል ሁላችንም ሳቅን፤ ነገሩም በዚያው አለፈ።

በሚቀጥለው ዓርብ ያው ሆነ፤ ከዚያም ወዲያ ባለው። ሁልጊዜ ሁለተኛው ምስጢር ላይ፣ ጌታ ሲገረፍ። «ግርፋቱን መስማት አይችልም» አሉ ጋሽ ጴጥሮስ፤ «ያስገረፈው እሱ ነዋ።» በአዘቦት ቀን እኔና እሷ ብቻችንን አልጋ ላይ ተቀምጠን በሹክሹክታ ስንጸልይ ግን ምንም አትሆንም፤ እንዲያውም ከእኔ በላይ ቃሉን ታውቀዋለች። ይህንን ስነግራቸው «በማኅበር ሲሆን ነው ጸሎት የሚከብደው» አሉኝ፤ እኔም አመንኩ። ዘይነባ ቁርዓን የሚቀሩባት ሼህ ላምጣ አለች። መንፉሃ አካባቢ ደግሞ እጁን ጭኖ እየጮኸ ጋኔን አስወጣለሁ የሚል አንድ ያገራችን ሰው ነበር። ጋሽ ጴጥሮስ ሁለቱንም እምቢ አሉ። ተያይዘን በጥሃ ወረድንና ካቢን ውስጥ ተጠጋግተን አገር ቤት ለአባ፣ ለቆሞሳችን፣ ደወልን።

አባ ረጋ ብለው ሰሙን። ከዚያ የተናገሩትን እስከ ዛሬ አልረሳሁትም። «ስሙን እንዳትጠይቁ። አታናግሩት፣ አትዘዙት፣ አትከራከሩት። እሱ ጳጳሱ የፈቀደለት ካህን ሥራ ነው። ምእመን የሚችለው ለእግዚአብሔር መናገር ነው፤ አቡነ ዘበሰማያት በሉ፣ እመቤታችንን ለምኑ፣ ቅዱስ ሚካኤልን ጥሩ። ከሁሉ በፊት ግን ሐኪም ይያት። ሐኪም አይቷት ካልሆነ ወደ እኔ አምጧት።» ሐኪም! ኢቃማ የሌላት ልጅ ሐኪም ቤት ብትሄድ መጀመሪያ የምታገኘው ፖሊስ እንደሆነ ለአባ በስልክ እንዴት ይነገራል? «እሺ አባ» ብለን ዘጋን። ጋሽ ጴጥሮስ እየተመለስን ሳለ ለራሳቸው የሚናገሩ መስለው «ማዘዝ የካህን ነው፣ የእኛ መለመን ነው» አሉ። ደጋግመው አሉት።

ስንዱ ከሁላችንም በላይ ፈርታ ነበር። ራሷን ከሰው አገለለች፤ ሳህኗን ለብቻ ታጥባለች፣ በሽታዋ የሚተላለፍ ይመስል። አንድ ዓርብ ጋሽ ጴጥሮስ ሣጥናቸውን ሳያስቀምጡ እግራቸው ላይ ወደቀች።

«ጋሼ፣ እባክዎ ይዘዙልኝ። አንድ ጊዜ ብቻ ‹ውጣ› ይበሉልኝ። እርስዎን ይሰማል።»

«ልጄ፣ ሥልጣን የለኝም።»

«ማን ይወቅብዎታል? እዚህ ካህን የለ፣ ጳጳስ የለ! በማርያም፣ ጋሼ!»

ጎንበስ ብለው አነሷት። ያን ዕለት ነው ትልቅ ሰው ድምፅ አውጥቶ ሲያለቅስ ያየሁት። «ያልተሰጠኝን አልወስድም፣ ልጄ። እለምንልሻለሁ። እስክሞት እለምንልሻለሁ» አሉ። ለመኑም። ገሳላዋ ተነሳች፣ መቁጠሪያው ተጀመረ፣ ሁለተኛው ምስጢር ላይ ያው ጎርናና ድምፅ መጣ። ያን ቀን ከወደቀችበት ስትነሣ ዓይኗ ውስጥ ተስፋ የሚባል ነገር አልነበረም። ኸላስ፣ አበቃ፣ እዚህ የሚያድነኝ የለም ብላ ቆርጣለች።

የቀረው ወደ አባ መላክ ነበር። ወረቀት የሌለው ሰው ወደ አገሩ የሚገባበት አንድ መንገድ ብቻ ነው፤ ራሱን ለተርሂል መስጠት፣ ተይዞ ለሚባረርበት ግቢ። ሰው ከዚያ በር ሲሸሽ ይኖራል፤ እኛ ታክሲ ይዘን ሄድን። ጋሽ ጴጥሮስ ከፊት፣ እኔና ስንዱ ከኋላ። በዚያን ቀን ደህና ነበረች፤ ብስኩት እየበላች፣ የመንደራችንን ሰዎች አንድ በአንድ እያነሳች ትጠይቀኝ ነበር። «የእነ ወልዴ ቤት አሁንም ሣር ነው? እማዬን መጀመሪያ ሳያት አለቅስ ይሆን?» ትላለች። የሚያምር ሳቅ ነበራት፤ ያን ሳቅ የሰማሁት ታክሲው ውስጥ ብቻ ነው። ጋሽ ጴጥሮስ ለወታደሩ አስረዱት፤ «ትግባ፣ እሷ ብቻ» አላቸው። ጉንጯን ሳምኳት። ወታደሩ የብረቱን በር ለመክፈት ግድግዳው ላይ ያለውን ማብሪያ መሳይ ነገር ተጫነ።

ጥርርርርር አለ።

ስንዱ ቀጥ ብላ ቆመች። ከዚያ በገዛ ድምፇ፣ በዚያች ትንሽ ድምፅ፣ «ሓዲር ማዳም፣ ሓዲር» አለች፤ እሺ እመቤቴ ማለት ነው። ሻሿን ከራሷ ላይ ገፋ ተንበረከከችና ደጃፉን፣ የወታደሩን ጫማ ሥር፣ እየፈተገች ትወለውል ጀመር። ወዲያው ጎርናናው ድምፅ መጣ፤ «ያላ! ቶሎ በዪ፣ ያ ሐይዋና!» በዓረብኛ ነው የሚለው። ከዚያ ደግሞ ትንሿ ድምፅ፤ «ሓዲር ማዳም።» ራሷ ታዛለች፣ ራሷ ትታዘዛለች። ደወሉ እስኪያቆም ወለወለች።

ያን ጊዜ ነው ጆሮዬ የተከፈተው። ገሳላዋ አጥባ ስትጨርስ እንደዚሁ ነበር የምትጮኸው፤ ጥርርርር ብላ፣ ልብሱ ወደ መጭመቂያው ይዛወር ብላ። ሰዓቷ አንድ ስለሆነ፣ ጸሎታችንም ከእሷ ጋር እኩል ስለሚጀመር፣ ሁልጊዜ የምትጮኸው ሁለተኛው ምስጢር ላይ ነው። እኛ ከመልመዳችን የተነሣ አንሰማትም ነበር። ከዓርብ ውጭ ገሳላዋ ስለማትነሳ፣ ዓርብም ያለ እሷ ስለማንጸልይ፣ ልጅቷ የምትሸሸው ጸሎቱን መሰለን። ያቺ ቤት በደወል እየጠሩ፣ በእንስሳ ስም እየጠሩ ምን ያህል እንዳስነሷት፣ ምን እንዳደረጓት፣ እግዜር ነው የሚያውቀው። ጋሽ ጴጥሮስ «ተሬዛ፣ ደወሉ…» ብለው ወደ በሩ ተንደረደሩ። «ቆይ፣ ወንድሜ፣ መልሳት፣ ሳናውቅ ነው!» አሉት ወታደሩን፣ በአማርኛ፤ ዓረብኛው ሁሉ ጠፍቷቸው። ወታደሩ በክርኑ መለሳቸው። ስንዱን ብብቷን ይዞ አነሣት፣ አስገባት፣ በሩ ተዘጋ። ሻሿ ደጃፉ ላይ ቀርቶ ነበር፤ አነሣሁት።

ከዚያ በኋላ ያለውን ከአገር የመጣች አንዲት ሴት ናት የነገረችን። አባ አይተዋታል። «ጋኔን የለባትም፤ የማወጣው ነገር የለም» ብለው ሐኪም ዘንድ ልከዋታል። ሐኪሙም ዕረፍት ያስፈልጋታል አለ ይባላል። እናቷ እሑድ እሑድ ወደ ቅዳሴ ትወስዳት ነበር። ግን ቅዳሴው ላይ ቃጭል አለ። ቃጭሉ ሲንሿሿ ስንዱ ሕዝቡ መሀል ተንበርክካ በነጠላዋ የቤተ ክርስቲያኑን ወለል ትወለውላለች። እናቷ ተሸማቅቃ መውሰዷን ተወች። ቤተ ክርስቲያንም እንደዚያ ቀረባት፤ ከዚህ ወዲያ ያለውን የሚነግረኝ ሰው አላገኘሁም። ጋሽ ጴጥሮስ ስንዱን ካስገባን በኋላ አንድ ዓርብ ብቻ ነው የመጡት። ዘይነባን «ዛሬ ገሳላዋን አታስነሺያት» አሏት፤ በዝምታ ተቀመጥን፣ ድምፅ የሌለው ጸሎት ከንፈራችን ላይ ደረቀ። ብዙም ሳይቆይ አሠሪያቸው አሰናበታቸውና አገር ገቡ። የመፍቻ ሣጥኑ ለዘይነባ ቀረላት።

ሊዲያ ጉልበቷን አቅፋ ስትሰማኝ ቆየች። ማሽኑ መዞሩን ቀጥሏል።

«ታዲያ መልሱ ምንድን ነው እማማ?» አለችኝ ቀስ ብላ። «እንችላለን ወይስ አንችልም?»

«መለመን እንችላለን፣ ማዘዝ አንችልም» አልኳት። «አባ ያሉት ልክ ነው። ጋሽ ጴጥሮስም ልክ ነበሩ። ለግሩፕሽ እንደዚያ ብለሽ ጻፊላቸው።»

ሕጉ ልክ ነበር። እኔን የሚያንገበግበኝ ይኸው ነው። ሕጉን ጥሰን ቢሆን ኖሮ ጥፋቱን እዚያ ላይ እንጥለው ነበር። በፍቅርና በጥንቃቄ፣ የተባልነውን ሁሉ ሳናዛንፍ አደረግን፤ እሷ ግን አልዳነችም። ካህንም ቢኖር አይፈታውም ነበር፤ ልጅቷ ውስጥ የነበረው ውጣ ቢሉት የሚወጣ አልነበረም። ለእሱ የሚሆን ጸሎት እስከ ዛሬ ፈልጌ አላገኘሁም፤ እውነቱን ልናገርና፣ አሁን አሁን መፈለጉንም ትቼዋለሁ።

«ሰዎቹስ? ያ ቤት?» አለች ሊዲያ።

«የት እንደሆነ እንኳ አልነገረችንም።»

ልጅቷ ሌላ ነገር ልትጠይቀኝ አፏን ስትከፍት፣ «ቆይኝ አንዴ» ብያት ወደ ደረጃው አመራሁ። አሮጊቷ ስትጠራ ትንሽ ከዘገየሁ ትቆጣለች። ሁለት ደረጃ ወርጄ ነበር።

«እማማ» አለችኝ ሊዲያ ከኋላዬ፤ ድምፇ ተለውጦ። «ወዴት ነው? ማንም አልደወለም እኮ። ማዳም ሆስፒታል ናት።»

ቆምኩ። ቤቱ ጭር ብሏል፤ ከላይ የማሽኑ መዞር ብቻ ይሰማል። እጄን ባየው፣ መቼ እንዳነሣሁት የማላውቀውን መወልወያ ጨርቅ ይዣለሁ።